የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሞተር ሲጮህ፦ ድምፁን ከምንጩ የመለየት ሥርዓት

ጤነኛ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሞተር የሚያሰማው ድምፅ ከነፋሱና ከጎማው ድምፅ እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ ከመንኮራኩሩ መሐል የሚወጣ አዲስ ድምፅ፣ ጉርምርምታም ይሁን ፉጨት፣ መንኳኳትም ይሁን መፋቅ፣ አንድ ክፍል መላላቱን፣ መድረቁን ወይም ማለቁን ያመለክታል። ድምፁን የሰማ ባለቤት በአብዛኛው ከሁለት ስህተቶች በአንዱ ላይ ይወድቃል። አንደኛው ሞተሩ ተበላሽቷል ብሎ ያለ በቂ ምርመራ ማስፈታት ወይም አዲስ መግዛት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ድምፁን ንቆ መንዳቱን መቀጠል ነው። የመጀመሪያው ኪስን ይጎዳል። ሁለተኛው ሕይወትን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል።

ከሁለቱም የሚያድነው በቅደም ተከተል መመርመር ነው። ከሞዞው የሚመጣ የሚመስል ድምፅ በብዙ አጋጣሚ ምንጩ ከሞተሩ ውጭ ነው፤ የላላ ዳዶ፣ የረገበ ራጂ ወይም የሚፍቅ ፍሬን ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ምርመራው ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ወጪ ከማይጠይቀው ወጪ ወደሚጠይቀው መሄድ አለበት። የሞተሩን ክዳን መክፈት የመጨረሻው እርምጃ ነው።

ሁለቱ የሞተር ዓይነቶች

ሞተርን በመንኮራኩር እምብርት ውስጥ የማስቀመጥ ሐሳብ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። አሜሪካዊው ኦግደን ቦልተን በኋላ መንኮራኩር ላይ የተገጠመ ሞተር ላለው ብስክሌት በቁጥር 552,271 የተመዘገበውን የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 1895 ነበር። በዛሬዎቹ ሞተሮች ላይ የሚያልቅ የካርቦን ብሩሽ የለም፤ ሥራውን ኮንትሮለር የተባለው የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ ተክቶታል።

በአሁኑ ጊዜ በስፋት የሚሠራባቸው የሞዞ ሞተሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ማርሽ የሌለው ነው። በዚህ ዓይነት የመዳብ ሽቦው ጥቅል ከዘንጉ ጋር ተጣብቆ ይቆማል፤ በሞዞው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ በሙጫ የተለጠፉት ማግኔቶች ደግሞ ከመንኮራኩሩ ጋር አብረው ይዞራሉ። ከኩሽኔታዎቹ በቀር እርስ በርሱ የሚፋተግ ክፍል የለውም። ሁለተኛው ባለ ማርሽ ነው። ውስጡ አነስ ያለ ፈጣን ሞተር፣ ብዙውን ጊዜ ከናይለን የተሠሩ ሦስት ማርሾች፣ እንዲሁም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ፍሪሲዮን አለ። ባለ 26 ኢንች መንኮራኩር በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በደቂቃ 200 ጊዜ ያህል ይዞራል። ማርሹ ፍጥነቱን በአምስት የሚያካፍል ከሆነ ውስጠኛው ሞተር በዚሁ ጊዜ 1,000 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል ማለት ነው።

ሁለቱን ከውጭ ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ማርሽ የሌለው ሞዞ ሰፋ ያለና ከበድ ያለ ነው፤ በእጅ ሲዞር ማግኔቶቹ የሚፈጥሩት ስስ መንገራገጭ ይሰማል። ባለ ማርሹ ጠበብ ያለ ነው፤ ወደ ፊት ሲዞር እንደ ተራ ብስክሌት በነፃነት ይሽከረከራል፤ ወደ ኋላ ሲዞር ግን ፍሪሲዮኑ ስለሚይዝ ይከብዳል። ይህ ልዩነት በኋላ ለሚደረገው ምርመራ ሁሉ መሠረት ነው።

የተፈጥሮ ድምፅና የብልሽት ድምፅ

ድምፅ ሁሉ ብልሽት አይደለም። ባለ ማርሽ ሞተር ሲነሣና ዳገት ሲወጣ የሚያሰማው ወጥ የሆነ ስስ ፉጨት የማርሾቹ ድምፅ ነው። ማርሽ የሌለው ሞተርም ከቆመበት ሲነሣ ለአጭር ጊዜ ሊያጉረመርም ይችላል፤ በተለይ የኮንትሮለሩ ዓይነት ኃይሉን በተቆራረጠ ሞገድ የሚልክ ከሆነ ጉርምርምታው ጎልቶ ይሰማል። ለስለስ ያለ ሞገድ የሚልኩ ኮንትሮለሮች ይህን ድምፅ ይቀንሱታል። በአንድ በተወሰነ ፍጥነት ላይ ብቻ መጥቶ የሚጠፋ ድምፅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የጭቃ መከላከያው ወይም የዕቃ መጫኛው ከሞተሩ ንዝረት ጋር አብሮ መንቀጥቀጥ ነው። መንኮራኩሩ ከመሬት ተነሥቶ ሞተሩ በዚያ ፍጥነት ሲዞር፣ ረዳት ሰው ከራጂው ርቆ መጫኛውን በእጁ ሲጫነው ድምፁ ካቆመ ምንጩ ሞተሩ አይደለም።

መመርመር ያለበት የተለወጠ ድምፅ ነው። ትናንት ያልነበረ፣ ከሳምንት ሳምንት የሚጨምር፣ ወይም ከጉልበት ማነስና ከመጋል ጋር የመጣ ድምፅ ምክንያት አለው።

ወዲያውኑ መቆምን የሚያስገድዱ ምልክቶች

ኃይል ሲሰጥ ወይም ፍሬን ሲያዝ አንድ ጊዜ «ቋ» የሚል ከዘንጉ አካባቢ የሚሰማ ድምፅ ከሁሉም በላይ አስጊ ነው። ይህ ዘንጉ በመቀመጫው ውስጥ መንቀሳቀሱን ያሳያል። በሞዞ ሞተር ላይ መንኮራኩሩን ወደ ፊት የሚያዞረው ኃይል በዚያው መጠን ዘንጉን ወደ ኋላ ለማዞር ይገፋል። 40 ኒውተን ሜትር የሚያመነጭ ሞተር፣ በዘንጉ ጎንና ጎን ያሉት 10 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው ጠፍጣፋ ገጾች በሚነኩት ቦታ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት 400 ኪሎ ግራም ከሚመዝን ጭነት ጋር ይስተካከላል። ዳዶው ከላላ ዘንጉ መቀመጫውን እየፈለፈለ ያሰፋዋል። በመጨረሻ ሲዞር በዘንጉ ውስጥ የሚያልፈውን ገመድ ይቆርጣል፤ ሽቦዎቹ ሲነካኩ ኮንትሮለሩ ይቃጠላል፤ መንኮራኩሩም ከቦታው ሊወጣ ይችላል። ሞተሩ በፊት መንኮራኩር ላይ ሲሆንና ፎርኬላው ከአልሙኒየም የተሠራ ሲሆን አደጋው ይብሳል፤ አልሙኒየም ከመጣመም ይልቅ ድንገት ይሰነጠቃልና።

ከዚህ ሌላ መንኮራኩሩ በድንገት ሲይዝ፣ የማቃጠል ሽታ ሲመጣ፣ ወይም ሞተሩ እየተንገራገጨ ጉልበት ሲያጣ ጉዞውን አቁሞ ብስክሌቱን እየገፉ መሄድ ተገቢ ነው።

ከመንካት በፊት

ማንኛውም ምርመራ የሚጀመረው ባትሪውን በመንቀል ነው። ባትሪው ከተነቀለ በኋላም ኮንትሮለሩ ውስጥ የቀረ ኃይል ስለሚኖር ማብሪያውን ከፍቶ የፍጥነት መስጫውን ለጥቂት ሰከንድ መያዝ ቀሪውን ያወጣዋል። ሞተሩ ሲሠራ ማዳመጥ ካስፈለገ መንኮራኩሩ ከመሬት መነሣትና ብስክሌቱ በጽኑ መቆም አለበት። የነጠላ ጫፍ፣ ያልተቋጠረ ፀጉርና የሰፊ እጅጌ ጫፍ በራጂው ሊያዙ ይችላሉ፤ ጣትን ወደሚዞር ራጂ ማስጠጋት ፈጽሞ አይገባም።

ሦስት ጥያቄዎች

ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ብዙውን መንገድ ያቃልላል።

የመጀመሪያው ድምፁ ኃይል ሲሰጥ ብቻ ነው ወይስ ኃይል ተቋርጦ ብስክሌቱ በራሱ ሲንከባለልም አለ የሚለው ነው። ኃይል ሲቋረጥ የሚጠፋ ድምፅ ምንጩ በባለ ማርሽ ሞተር ላይ ማርሾቹ፣ ማርሽ በሌለው ላይ ደግሞ የኤሌክትሪክ መሥመሩ ወይም የዘንጉ መላላት ሊሆን ይችላል። ኃይል ኖረም አልኖረም የሚቀጥል ድምፅ ወደ ኩሽኔታ፣ ወደ ፍሬን፣ ወደ ራጂ ወይም ወደ ማግኔት ይመራል።

ሁለተኛው ድምፁ ተከታታይ ነው ወይስ በአንድ ዙር አንድ ጊዜ የሚል ነው። ባለ 26 ኢንች መንኮራኩር በአንድ ዙር ሁለት ሜትር ያህል ይጓዛል። ብስክሌቱ በእርምጃ ፍጥነት ሲገፋ ድምፁ በየሁለት ሜትሩ ከተደጋገመ ምክንያቱ በመንኮራኩሩ ላይ ያለ አንድ ነጥብ ነው፤ የተጣመመ የፍሬን ዲስክ፣ አንድ የላላ ራጂ ወይም አንድ የተላቀቀ ማግኔት ማለት ነው።

ሦስተኛው ድምፁ ፔዳል ሲመታ ብቻ ይሰማል ወይ የሚለው ነው። መልሱ አዎን ከሆነ ሞተሩን ትቶ ሰንሰለቱን፣ የፔዳሉን ኩሽኔታና የኋላ ጥርሱን መመልከት ይገባል።

ከሞተሩ ውጭ ያሉ ምክንያቶች

ቀዳሚው የዘንጉ ዳዶ ነው። በሁለቱም ጎን ያሉት ዳዶዎች በአምራቹ መመሪያ መሠረት መጥበቅ አለባቸው። መመሪያው 40 ኒውተን ሜትር የሚል ከሆነ በ20 ሳንቲ ሜትር መፍቻ ጫፍ ላይ 20 ኪሎ ግራም ያህል መጫን ማለት ነው። የሮንዴላው ጥርስ በመቀመጫው ውስጥ በትክክል መግባቱ፣ የዘንግ መያዣው ብረትም ከሻሲው ጋር ሳይነቃነቅ መታሰሩ መረጋገጥ አለበት። ፍሬን ሲያዝ ኃይል ወደ ባትሪ የሚመልሱ ሞተሮች ዘንጉን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ስለሚገፉት ዳዶው ቶሎ ይላላል፤ የቁጥጥሩ ጊዜም መቅረብ ይኖርበታል።

ቀጥሎ ራጂ ነው። የሞዞ ሞተር ራጂ የሰውን ክብደት ብቻ ሳይሆን የሞተሩን ጉልበትም ይሸከማል። የረገበ ራጂ ሲነሣና ዳገት ሲወጣ «ጢቅ ጢቅ» ይላል። በባትሪ መንቀል ጊዜ ሁለት ሁለቱን በጣት ጨብጦ ማነጻጸር የረገበውን ያሳያል። አንዱ ረግቦ ሲተው ጭነቱ ወደ ጎረቤቶቹ ስለሚተላለፍ እነርሱም ተራ በተራ ይበጠሳሉ።

ሦስተኛው ፍሬን ነው። የፍሬኑ ሸራ ዲስኩን ሲፍቅ የሚወጣው ድምፅ በሞዞው ክፍት አካል ውስጥ ስለሚያስተጋባ ከሞተሩ ውስጥ የመጣ ይመስላል። ፍሬኑን በስሱ ሲይዙት ድምፁ ከተለወጠ ወይም ከጠፋ ምንጩ ታውቋል። የዲስኩ ብሎኖችና የሞዞው ክዳን ብሎኖችም አንድ በአንድ መፈተሽ አለባቸው፤ የላላ የክዳን ብሎን ከመንኳኳቱም በላይ ውኃ ያስገባል።

ኩሽኔታ

ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚጨምር፣ ኃይል ቢቋረጥም የማይጠፋ፣ አሸዋ እንደሚፈጭ ያለ ጉርምርምታ የኩሽኔታ ምልክት ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። መንኮራኩሩን ከላይና ከታች ይዞ ወደ ጎን ሲነቀንቁት ከዘንጉ ላይ ከተወዛወዘ ኩሽኔታው አልቋል። የመፍቻውን ጫፍ ከዘንጉ ዳር፣ እጀታውን ከጆሮ ጋር አስጠግቶ በእጅ ቀስ ብሎ በሚዞር መንኮራኩር ላይ ማዳመጥም ይረዳል።

ኩሽኔታ የሚለወጥ ዕቃ ነው፤ ዋጋውም ከሞተሩ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ልኩ በጎኑ ላይ በቁጥር ተጽፏል። ለምሳሌ 6001 የሚለው ውስጡ 12፣ ውጩ 28፣ ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ 6202 ደግሞ ውስጡ 15፣ ውጩ 35፣ ውፍረቱ 11 ሚሊ ሜትር ነው። አሮጌው ሳይወጣ በግምት መግዛት አያስፈልግም፤ ቁጥሩን አንብቦ፣ በሁለቱም ጎን የጎማ መከለያ ያለውን መምረጥ ይሻላል።

ማርሽና ፍሪሲዮን

በባለ ማርሽ ሞተር ላይ ፉጨቱ ቀስ በቀስ እየሻከረ ከመጣ ግራሶው ደርቋል ወይም ተገፍቶ ከጥርሶቹ ወጥቷል ማለት ነው። ጭነት ሲበዛ «ቀጭ ቀጭ» የሚልና የሚንሸራተት ከሆነ የናይለን ጥርሶቹ ተበልተዋል። ሞተሩ በከፍተኛ ፉጨት እየዞረ መንኮራኩሩ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ ማርሾቹ ሙሉ በሙሉ ተላጭተዋል ወይም ፍሪሲዮኑ አልያዘም።

ሳይከፍቱ ለመፈተን መንኮራኩሩን በእጅ ወደ ኋላ ማዞር በቂ ነው። በዚህ አቅጣጫ ማርሾቹ ስለሚሠሩ የጎደለ ጥርስ በእጅ ይታወቃል። ሲጠገን ሦስቱ ማርሾች በአንድ ጊዜ መለወጥ አለባቸው፤ አዲሱና ያረጀው ሲቀላቀሉ ጭነቱ በአዲሱ ላይ ብቻ ያርፋል። ግራሶው ለፕላስቲክ የሚስማማ መሆን አለበት። መጠኑም ጥርሶቹን የሚሸፍን ያህል ይበቃል፤ ሲበዛ ወደ ሽቦው ጥቅልና ወደ ፍሪሲዮኑ ይደርሳል።

ማግኔት

ማርሽ በሌለው ሞተር ላይ በእያንዳንዱ ዙር የሚደጋገም መፋቅ ወይም መንኳኳት፣ ፍሬኑና ራጂው ደህና ከሆኑ፣ ከሙጫው የተላቀቀ ማግኔት ሊሆን ይችላል። በማግኔቱና በብረቱ መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ስለሆነ ጥቂት መንሸራተትም ለመነካካት ይበቃል። ዋናው ምክንያት ሙቀት ነው። ለከፍተኛ ሙቀት ያልተዘጋጀ የኒዮዲሚየም ማግኔት ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲግል ጉልበቱን ማጣት ይጀምራል፤ ሙጫውም ይለሰልሳል። ይህን ዓይነት ሞተር መክፈት ልምድ ይጠይቃል፤ ማግኔቶቹ ክዳኑንና ጥቅሉን በኃይል ስለሚስቡ በመካከል የገባ ጣት ይቀጠቀጣል።

የኤሌክትሪክ ምክንያት ያለው ድምፅ

ከቆመበት ሲነሣ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያጉረመርምና ጉልበት የሌለው ሞተር ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው መፍቻ ሳይሆን ቴስተር ነው። ከኮንትሮለሩ ወደ ሞተሩ ሦስት ወፍራም ሽቦዎች ይሄዳሉ፤ በተለምዶ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ሲላላ ወይም መጋጠሚያው ሲቀልጥ ሞተሩ በሁለት እግር እንደቀረ ወንበር ይሆናል። ስለዚህ በመጀመሪያ የሶኬቱን መቅለጥና የሽቦውን መላላት ማየት ያስፈልጋል።

ከእነርሱ ጋር የሚሄዱት አምስት ቀጫጭን ሽቦዎች የማግኔቱን አቀማመጥ ለኮንትሮለሩ የሚነግሩ የሦስት ዳሳሾች ናቸው። ቀዩና ጥቁሩ 5 ቮልት ያህል ያደርሳሉ፤ ቀሪዎቹ ሦስቱ መልእክት ይመልሳሉ። ሶኬቱ እንደተሰካ፣ ማብሪያው ተከፍቶ መንኮራኩሩ በእጅ ቀስ ተደርጎ ሲዞር በእያንዳንዱ የመልእክት ሽቦ ላይ ያለው ቮልት ወደ ዜሮ እየወረደ ወደ 5 መመለስ አለበት። ሳይለወጥ የሚቀር ካለ ያ ዳሳሽ ወይም ሽቦው ተበላሽቷል። ባለ ማርሽ ሞተር ለዚህ ፈተና ወደ ኋላ መዞር አለበት።

ጥፋቱ የሞተሩ ወይስ የኮንትሮለሩ መሆኑን የሚለይ ሌላ ፈተና አለ። ባትሪው ተነቅሎ መንኮራኩሩ ሲዞር እየተንገራገጨ ከከበደ ሦስቱን ወፍራም ሽቦዎች ከኮንትሮለሩ መንቀል ነው። ያን ጊዜ ቀለል ካለ በኮንትሮለሩ ውስጥ ያሉ ትራንዚስተሮች ተቃጥለዋል፤ ሞተሩ ደህና ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሦስቱን ሽቦዎች ሁለት ሁለት እያደረጉ አነካክቶ መንኮራኩሩን ማዞር የጥቅሉን ጤንነት ያሳያል። በሦስቱም ጥንድ የሚሰማው ክብደት እኩል መሆን አለበት። አንዱ ጥንድ ከተለየ ጥፋቱ በሽቦው ጥቅል ላይ ነው። አዲስ ኮንትሮለር ከተገጠመ በኋላ የመጣ ጩኸትና መጋል ደግሞ በአብዛኛው የሽቦዎቹ ቅደም ተከተል አለመጣጣም ነው፤ የቀለም መመሳሰል በሁለት አምራቾች ዕቃ መካከል ዋስትና አይሆንም።

ክረምት፣ ዳገትና ጥንቃቄ

ብስክሌት ለባሕር ዳር ከተማ የኖረ የመጓጓዣ ባህል ነው፤ ሜዳማው የከተማዋ አቀማመጥም ለሞተሩ ይስማማል። በአንጻሩ እንደ ጎንደርና ደሴ ባሉ ዳገታማ ከተሞች ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ረጅም አቀበት ሲወጣ ከሚወስደው ኃይል ብዙው ሙቀት ይሆናል። ፍጥነቱ ከእርምጃ ሲወርድ በፔዳል ማገዝ፣ ሞዞው እጅ ሊያሳርፉበት እስከማይቻል ከጋለም አቁሞ ማቀዝቀዝ ማርሹንም ማግኔቱንም ያድናል።

ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናብ ሌላው የድምፅ ምክንያት ነው። ውኃ የሚገባው በአብዛኛው ገመዱ በዘንጉ በሚያልፍበት ቀዳዳ ነው። ገመዱ ወደ ዘንጉ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ ብሎ እንዲንጠለጠል ቢደረግ ጠብታው በጉብጠቱ ጫፍ ይወርዳል። ሞዞውን በግፊት ውኃ ማጠብ፣ በጎርፍ ውስጥ መንዳትም ለኩሽኔታው ዝገት በር ይከፍታሉ። አዲስ የተገጠመ ሞተር ዳዶና ራጂ ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላ፣ ከዚያም በየወሩ መፈተሽ ይኖርበታል።

ወደ ጥገና ባለሙያ ሲኬድ

ዳዶው፣ ራጂውና ፍሬኑ ደህና ሆነው ድምፁ ከቀጠለ ሥራው የባለሙያ ነው። ባለቤቱ «ይጮሃል» ከማለት ይልቅ ድምፁ መቼ እንደጀመረ፣ ኃይል ሲቋረጥ መጥፋት አለመጥፋቱን፣ በዙር አንድ ጊዜ ይሁን ተከታታይ፣ ከዝናብ ወይም ከረጅም አቀበት በኋላ የመጣ መሆኑን ቢናገር የምርመራው ጊዜ ያጥራል። ከተቻለ ድምፁን በስልክ ቀርጾ ማቅረብ ጠቃሚ ነው። ባለሙያው ሞተሩ እንዲለወጥ ሲመክርም ኩሽኔታው፣ ማርሹ፣ ዳሳሹና ኮንትሮለሩ ተለይተው መፈተሻቸውን መጠየቅ የባለቤቱ መብት ነው፤ እነዚህ አራቱ ሞተሩ ሳይጣል ለየብቻቸው ሊለወጡ የሚችሉ ናቸውና።